ደሴ ወይስ መቀሌ

እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ በእሳት ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ከነካኝ፣ የትም ብሆን እቆማለሁ። በቅርቡ የኮሌጃችን ዘበኛ ከበሩ አጠገብ ፍም አንድዶ ለምርኩዝ የሚሆነውን እንጨት ሲያቀና ያ ሽታ መጣና፣ መጻሕፍቴን በብብቴ እንደያዝኩ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ጠፋህ ልጄ?» አለኝ። ምንም አልጠፋኝም ነበር። የታየኝ መቀሌ ተከራይተን የነበርንበት ግቢ ነው፤ አባቴ ተንበርክኮ የገና ዱላዬን ጫፍ በእሳት እያለሰለሰ፣ በጉልበቱ እየደገፈ ሲያጎብጠው።

መቀሌ የገባነው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አባቴ ለመንግሥት ሥራ በጸሐፊነት ከደሴ ሲዛወር ነው። እናቴን ደሴ ቀብረናት ነበር የመጣነው። በጭነት መኪና ላይ ከዕቃችን ጋር ተቀምጠን ስንጓዝ አባቴ ስለ መንገዱና ስለ ተራራው ብዙ ነገር ቢያወራኝም፣ ስለ እርሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተነፈሰም። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት የድንጋይ ክፍል ነበረች። እኔ ትግርኛ አላውቅም፣ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አማርኛ ቢገባቸውም ለእኔ ብለው አይናገሩትም ነበር። ስሜን ሳይጠይቁ «ወዲ ደሴ» ብለው ሰየሙኝ፤ የደሴ ልጅ ማለታቸው ነው።

መቀሌ ከገባን በኋላ አባቴ ዝምተኛ ሰው ሆኖ ነበር። አፉ የሚፈታው ስለ ጨዋታ ሲያስረዳ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ በአገሩ የታወቀ ተጫዋች ስለ ነበረ፣ ከቢሮ ተመልሶ ኮቱን ከሰቀለ በኋላ ግቢው ውስጥ ያቆመኝና የየጨዋታውን መሠረት ከሥሩ ጀምሮ ያስተምረኝ ነበር።

በመስከረም፣ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ የመጀመሪያው ትምህርቴ ሩጫ ሆነ። ማለዳ ወደ ዓይደር በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ይወጣና፣ ከመነሻዬ ላይ በእግሩ መስመር አስምሮ፣ ራሱ ርቆ ሄዶ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ይቆም ነበር። ዓይደር ያኔ እርሻና ሜዳ ነበር፤ ከእኛ በቀር ሰው አይታይበትም። «ስትነሳ ጎንበስ በል፣ ቀስ በቀስ ቀና ትላለህ» ይለኝ ነበር፤ «አፍህን ዝጋ፣ በአፍንጫህ ተንፍስ። ወደ ኋላ የዞረ ሯጭ አንድ እርምጃ ለባላጋራው ሰጠ ማለት ነው። መድረሻው ላይ ስትደርስ አትቁም፣ መድረሻው ከዚያ ወዲያ ያለ ይምሰልህ።» ከዚያም መሐረቡን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ እኔም ልቤ እስኪፈነዳ እሮጥ ነበር። ድንጋዩን አልፌ ስቆም «ቀደምኩ?» እለዋለሁ። «ቀድመሃል» ይለኛል። ማንን እንደቀደምኩ ሁለታችንም አንጠይቅም ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ ዱላ ይዘው ብቅ አሉ። እኛ ገና የምንለውን ጨዋታ እነሱ ቃርሳ ይሉታል። አባቴ ያን ዱላ የሠራልኝ ያኔ ነው። የገና ጨዋታ መሠረቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይቆማል፣ ከእንጨት የተድበለበለችው ሩር መሐል ትቀመጣለች፣ ሁለቱም ወገን በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከባላጋራቸው ድንበር ሊያሳልፏት ይታገላሉ። ሩሯን በእጅ መንካት ክልክል ነው። እንደ አባቴ ትምህርት ደግሞ ሁልጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ መምታት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ሁለት ሰው ሲጋጠም ዱላው ቅልጥም ላይ ያርፋል። ይህን ሁሉ ሳምንት ሳይሞላ በቃሌ ይዤ ነበር። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ቡድን የሚከፍሉት በጥንድ ነበር። ጨው ጭነው የመጡ ግመሎች ከሚያርፉበት ሜዳ ዳር ሁለት አለቆች ይቆማሉ። የቀሩት በቁመትም በጉልበትም ልካቸው ከሚሆን ልጅ ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከአንድ የድንጋይ ካብ ጀርባ ሄደው በሹክሹክታ ለየራሳቸው የምሥጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ ብር፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይመጡና ተራው የደረሰውን አለቃ «ወርቅ ትፈልጋለህ ብር?» ይሉታል። አለቃው ስሙን የጠራው ልጅ የእርሱ ይሆናል፤ ያልተጠራው ሳይጠየቅ ወደ ሌላው አለቃ ይሄዳል። ስለዚህ አብሮህ የመጣው ጓደኛህ ሁልጊዜ ባላጋራህ ይሆናል። ፍርዱ የማያዳላ ነው፤ ጥንድ የሌለው ልጅ ግን ስም አውጥቶ የሚመጣበት መንገድ የለውም።

ዱላዬን ታጥቄ ቆምኩ። ከአለቆቹ አንዱ፣ ሐጎስ የሚባል ረዥም ልጅ፣ ሁሉም ተከፍሎ ሲያልቅ ዞር ብሎ አየኝ።

«አንተ ትርፍ ነህ» አለኝ በአማርኛ፣ እንዲገባኝ ብሎ። «ነገ ና።»

በማግስቱም ትርፍ ነበርኩ፤ ከዚያም በኋላ። አንዳንድ ማለዳ አንድ ልጅ እንዲቀር እመኝ ነበር፤ አንድ ከቀረ ጥንዱ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ። አንድ ቀን እውነትም አንዱ ቀረ። ጥንዱ የነበረው ልጅ ወደ እኔ አየ፣ ዱላዬን አየ፣ ከዚያም ሆዱን ይዞ «አሞኛል» ብሎ ካቡ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ግን ሆዱ ዳነና ከሁሉም በላይ እየጮኸ ሲያበረታታ ዋለ።

እኔም ማድረግ የማይገባኝን አደረግኩ። እንዲወዱኝ ስል እውቀቴን ማሳየት ጀመርኩ። ከዳር ቆሜ «በግራ መምታት አይፈቀድም! እጅ ነክቷል! ይኼ አይቆጠርም!» እያልኩ እጮህ ነበር። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል በሆንኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ይጠሉኝ ነበር። የገና በዓል አልፎ ዱላዎቹ እስኪሰቀሉ ድረስ የእኔ ዱላ ሩር ሳይነካ አዲስ እንደ ሆነ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ ትግል ያዙ፤ እኔም ትግል ተማርኩ። አባቴ ቁመቱ ከእኔ እንዲስተካከል ተንበርክኮ ወገቡን ያስይዘኝ ነበር። «ጉልበት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ እግርህን ከፈት አድርገህ ትከል፣ ከዚያ ሲገፋህ ሳብ፣ ሲስብህ ግፋ። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ የወደቀን ሰው ወዲያው ልቀቅ፣ እጅህን ሰጥተህ አንሳው።» አንዳንዴ ሆን ብሎ ይወድቅልኝና ጀርባው አቧራ ለብሶ ይነሳ ነበር። አደይ ለተብርሃን ከደጃቸው ሆነው «ኣንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ጸሐፊውን አትስበርብኝ፤ የቤት ኪራይ ማን ይከፍለኛል?» ይሉና ይስቁ ነበር። አባቴም ሲስቅ ያየሁት በእርሳቸው ቀልድ ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ እኛም ቤት ዋልን። ያኔ ገበጣ ተማርኩ። ጠጠሩ በየጉድጓዱ እኩል ይደለደላል፣ ተጫዋቹ አንዱን ጉድጓድ አፍሶ አንድ በአንድ እየዘራ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ተራው ያልፋል። «እጅህ ከመንካቱ በፊት ዓይንህ ዞሮ ይምጣ» ይለኝ ነበር አባቴ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሁለታችን በዝምታ እንዘራና እናፍስ ነበር። ካወቅኳቸው ጨዋታዎች ሁሉ ሌላ ልጅ ሳያስፈልግ ከአባቴ ጋር እኩል ተቀምጠን የምንጫወተው እርሱ ብቻ ስለ ነበረ፣ ክረምቱ እንዳያልቅ እመኝ ነበር።

ግን አለቀ። ሁለተኛው ታኅሣሥ መጣ። አሁን ትግርኛው ይገባኝ ነበር፤ ስለዚህ የሚሉኝ ነገርም ይገባኝ ጀመር። የበዓሉ ዋዜማ ላይ እንደ ልማዴ ከዳር ሆኜ «በግራ መታህ!» ብዬ ስጮህ፣ ሐጎስ ጨዋታውን አቁሞ ወደ እኔ መጣ።

«ማን ነው በግራ አይመታም ያለው?»

«አባቴ።»

«እንግዲያው አባትህ መጥቶ ይጫወትልን!» ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወረቀት እንደያዘ ጸሐፊ እየተንጎራደደ አባቴን አስመሰለ፤ ይበልጥ ሳቁ።

ቤት ገብቼ ምንም አልተናገርኩም። አደይ ለተብርሃን ግን ከጎረቤት ሰምተው ኖሮ፣ አባቴ ከቢሮ ሲመለስ ደጃፉ ላይ አቁመው ነገሩት። ኮቱን ሰቅሎ፣ ዱላዬን ከግድግዳው አውርዶ፣ ስንጥቅ እንዳለው በጣቱ ሲዳስሰው ብቻ አየሁ።

በማግስቱ፣ በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ «ተነስ» አለኝና ወደ ሜዳው ወረድን። ለቢሮ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ሕዝቡ በዓል ስለሆነ ሜዳውን ከቦታል፤ የቢሮው ባልደረቦችም ነበሩበት። አለቆቹ ቡድን እየከፈሉ ሳለ አባቴ ኮቱን አውልቆ ካቡ ላይ አኖረ፣ ጫማውን ፈታ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ቅልጥሙ ነጭና ቀጭን ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔና ልጄ ጥንድ ነን» አለ ለሐጎስ።

ሐጎስ ግራ ገባው። «ኣቦይ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ጥንድ እኮ ልክ ለልክ ነው።»

«እርሱ በሩጫ ይቀድመኛል፣ እኔ በምት እበልጠዋለሁ። ካላመንክ ሽማግሌ ጥራና አስለካን።»

ሰው ሳቀ፤ ሐጎስም ሳቀና «ሂዱ፣ ስም አውጡ» አለ።

ከካቡ ጀርባ ሄድን። ለዚህ ሰዓት ስንት ስም አዘጋጅቼ ነበር! ሁሉም ጠፋኝ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «አንተ መቀሌ ሁን፤ እኔ ደሴ እሆናለሁ» አለኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ እኔም ትከሻው ስለማይደረስ ወገቡን አቀፍኩና ተመለስን።

«ደሴ ትፈልጋለህ መቀሌ?» አልኩ።

ሐጎስ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «እንታይ ድኣ! ሌላ ምን! መቀሌ ነዋ! ደሴን ወስጄ ምን ላደርገው ነው?»

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ሐጎስ አንገቴን ጨብጦ ወደ እርሱ ወገን ሳበኝ። አባቴ ከትከሻዬ ላይ የወረደውን እጁን ለአፍታ እንዳለ ይዞ ቆመና፣ ያልተጠራ ሰው እንደሚያደርገው ሳይጠየቅ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ከደረቱ በታች በሆኑ ልጆች መካከልም ተሰለፈ።

«ወዲ ደሴ፣ አባትህን ያዝ!» አለኝ ሐጎስ። ያዝኩት። ሩሯ ወደ እርሱ ስትመጣ ሮጬ ደረስኩበት፤ ትንፋሹ በአፉ ይወጣ ነበር፣ በአፍንጫህ ተንፍስ ይለኝ የነበረው ሰውዬ። ሆን ብሎ አልለቀቀልኝም። ዱላ ለዱላ ተጠላልፈን ስንታገል «በቀኝ በኩል ግባ! እግርህን ትከል!» እያለ ለባላጋራው ለእኔ ይጮህ ነበር፤ የእርሱ ቡድን ልጆችም «ኣቦይ፣ የማን ወገን ነዎት?» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ከዱላው ሥር ነጥቄ ለሐጎስ መታሁለት፤ ሐጎስም ድንበሩን አሳለፋት።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ጫጫታ ነው። ጀርባዬን የመታኝ እጅ የማን የማን እንደ ነበረ አላውቅም። ቡድናችን እየዘፈነ በየቤቱ ደጃፍ ሊዞር ተነሳ፤ እኔም መሐል ነበርኩ። ከሜዳው ስንወጣ ዞር ብዬ ሳይ፣ አባቴ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ባረፉት ግመሎች መካከል ብቻውን ሽቅብ ወደ ቤት ይሄድ ነበር። «ንዓ፣ ና!» ብለው ጠሩኝና ሮጥኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥንድ አላጣሁም። በመስከረም እሮጥ የነበረው ከሰው ጋር ነበር፣ ከፋሲካም በኋላ ጀርባዬን መሬት ያስነኩኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ስመለስ እየመሸ፣ ስናገር ትግርኛ እየቀደመኝ ሄደ። አባቴ ከቢሮ ሲመጣ ኮቱን ይሰቅልና ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። «ዛሬ ማን መረጠህ?» ይለኛል። የመረጠኝን እነግረዋለሁ፤ «ጎበዝ» ይላል። የሚያስተምረኝ አዲስ ጨዋታ አልነበረም፣ ቢኖርም እኔ አልቆይለትም ነበር። ሐጎስ መቀሌን እንደሚጠራ አባቴ አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። የትኛውም የመቀሌ ልጅ ደሴን አይጠራም። እናቴ ያለችበትን ስም ለራሱ ይዞ፣ የሚጠራውን ለእኔ ሰጠኝ።

አሁን ያለሁበት ኮሌጅ ሜዳው የተስተካከለ ነው፣ ኳሱ ከቆዳ የተሰፋ ነው፣ ሕጉም ታትሞ ተሰጥቶናል። መምህሩ ፊሽካ ነፍቶ በቁመታችን ይደረድረንና አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ይለናል፤ ትርፍ የሚሆን ተማሪ የለም፤ ለሁሉም ቦታ አለው። ይህ ከድሮው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የደረሰኝን ቦታ ይዤ እቆማለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ከአጠገቤ የቆመውን ልጅ ስም ሳላውቅ ወደ መኝታ ቤቴ እመለሳለሁ። ያኔ ከመቶ ሰው ፊት መጠራት ብቸኝነትን የሚያስወግድ ይመስለኝ ነበር። እዚህ በየቀኑ እጠራለሁ፤ እኔ እንድጠራ ብሎ ደሴ የሚሆንልኝ ግን የለም።