ዳሱ ያልተዘጋበት አረፋ

ትናንት ወልድያ ውስጥ አንዲት ባለሱቅ ደጇን ውሃ ስትረጭ በአጠገቧ ሳልፍ፣ የራሰ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬ ገባና እግሬ እዚያው ቆመ። የልጅነት ቤቴ ከሰዓት በኋላ የሚሸተው እንዲህ ነበር።

አያቴ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በቦይ በተጠለፈ ኩሬ ዳር፣ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ ሠርቶ ወለሉን ሲሚንቶ ሲያስለብስ፣ ሰው «ለጭፈራማ መሬቱ ምን አነሰው» ብሎ ስቆበት ነበር አሉ። አባቴ የእንግዳ ክፍሎችና አንድ ትልቅ ቴፕ ጨመረበት፤ እናቴ ወጥ ቤቱን ያዘች፤ እኛ ልጆች ወለሉን እየረጨን እንጠርግ ነበር። ከውርጌሳም ከግራናም ሙሽራ ይመጣል፤ ሲጨፍር ከረባቱን ወደ ጀርባው የሚጥለው የወልድያው አስተማሪ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል። ታዲያ ጎረቤት ሲሞት ቴፑ ይዘጋል፤ ይህ የቤታችን ሕግ ነበር።

ልጅ ሳለሁ በነበረው የሰሜን ጦርነት ጊዜ የጎረቤታችን የእቴ ዘይነባ አንድያ ልጅ፣ እኔን ዋና ያስተማረኝ ኡመር፣ ታፍሶ ዘመተ። ከዚያ ወዲያ እቴ ዘይነባ ዘፈናችንን በሌላ ጆሮ ይሰሙት ጀመር፤ ቴፑ ከጮኸ በቀዬው መርዶ የለም ማለት ነው። ጀነሬተሩ ተበላሽቶ ዝም ስንል እንኳ ሻሻቸውን እያጠበቁ መጥተው ምን እንደሆንን ይጠይቁ ነበር።

የኡመር ሞት የተሰማው አረፋ ሲቃረብ ነው። ሽማግሌዎቹ በዓሉ ሳያልፍ እንዳይነገራቸው ተስማሙ፤ አባቴም ብዘጋ ያውቁብኛል ብሎ ከፈተ። ይህ እውነት ነው። በአረፋ ገበያው የሚደራ መሆኑም እውነት ነው፤ እሱን ግን ቤታችን ውስጥ ማንም አላነሳውም።

በበዓሉ ከሰዓት፣ ጭፈራ ቤት ገብተው የማያውቁት እቴ ዘይነባ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ጠርዝ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠውም አጨበጨቡ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ቀረች። እኛ ልጆችም ሰምተን ስለነበር መሬት መሬት እያየን ለስላሳ አደልን።

በማግስቱ ተረዱ። አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከደጃቸው ሲያጎነብስ፣ ሳይጮሁ፣ «ልጄ አፈር ገብቶ እኔን አስጨበጨብኸኝ» አሉት።

አባቴ ዳሱን ዳግመኛ አልከፈተም። ቆርቆሮው ተሸጠ፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ኩሬው የነበረበት ዛሬ ማሽላ ይዘራበታል። እቴ ዘይነባ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታቸውን አልነፈጉንም፤ እሱ ደግሞ ባሰብን።

የዚያን ጊዜ ሰዎች ሲያገኙኝ ዳሱ እንደሚናፍቃቸው ይነግሩኛል። እኔንም ይናፍቀኛል። ነገር ግን እንደዚያ አረፋ ደምቆ አያውቅም፤ ትዝ ሲለኝም ቀድሞ የሚመጣው ያ ቀን ነውና አፍሬ ወሬ እለውጣለሁ።