ለአበባው ያጠጣሁት ውኃ

ከላስታ ገነተ ማርያም በወጣሁበት ማታ የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን አሳልመው፣ «አስካለ፣ የሰው አገር ብዙ ያስረሳል፤ ጾምሽን እንዳትፈቺ» አሉኝ። እሺ አባ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደርግ ባለቤቴን ወስዶ እኔንም መፈለግ ጀምሮ ነበርና ከዚያች ቃል በቀር የያዝኩት ስንቅ አልነበረም።

የሱዳንን በረሃ ስንሻገር ውኃ በጀሪካን ክዳን እየለካን ጠጣን። ኩላሊቴ ጠጠር የቋጠረው ያኔ ይመስለኛል። ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጎኔን እንደ ጦር ወግቶ ጣለኝ። ሐኪሙ፣ «አንቀድድሽም፤ በጀርባሽ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ከፍተን ጠጠሩን በቀጭን መሣሪያ እየሰባበርን እንለቅመዋለን» አለኝ። አታምኑኝ ይሆናል፣ እንዳለው አደረገ። ከጀርባዬ የወጣ ቀጭን ቱቦ ሽንቴን ወደ ከረጢት ያወርዳል። ነርሷን እነሱ ሽቬስተር ነው የሚሏት፤ በማለዳ ውኃ በጆግ አመጣችና፣ «እስከ ማታ ሦስት ጆግ ትጨርሻለሽ። ኩላሊትሽ መታጠብ አለበት» አለችኝ።

ፍልሰታ ነበር። እኛ አገር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ የሚቀምስ ማን አለ? ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ አውቃለሁ፤ የሚፈቅዱልኝ አባ ግን ላስታ ናቸው። አልጠጣም ማለትንም ፈራሁ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ጠያቂ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ የሚያመጡት አበባ ነው። መስኮቱ ላይ በሸክላ የተተከለ አንድ አበባ ነበረና ሽቬስተሯ ስትወጣ ውኃውን ለሱ አጠጣሁት። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዲት ብርጭቆ ቀመስኩ። እሷ ባዶውን ጆግ እያየች፣ «ጎበዝ!» ትልና ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳት ያዘኝ። ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት የጠቆረ ነገር ብቻ አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ከረጢቱን አየ።

«ያን ሁሉ ጠጥታ ይህችን ብቻ? አንድ ነገር ተበላሽቷል። ነገ ጎኗን ከፍተን እናያለን። ኩላሊቱ ካልሆነም ይወጣል።»

እሱ ሲወጣ ሽቬስተሯ የሚቀደደውን በጣቷ ከጀርባዬ እስከ እምብርቴ አሳየችኝ። ዝም ብል ኩላሊቴ፣ ብናገር ቃሌ።

«ሽቬስተር፣ ውኃውን አልጠጣሁትም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

አበባውን አሳየኋት። አፈሩ ጨቅይቷል፣ ቅጠሉ ወይቧል።

«እኔኮ ይህን አበባ ምን ነካው እያልኩ ነው! ሁለት በሽተኛ በአንድ ሳምንት ልትገድይብኝ ነበር?» ብላ መሳቅ ጀመረችና ተወችው። ብርጭቆ ሞላች። «አሁን፣ እያየሁሽ።»

አማትቤ ጠጣሁ። ገና ሦስት ሰዓት ነበር። እንባዬ ከውኃው ጋር አብሮ ወረደ። ሲመሽ ከረጢቱ ሞላ፤ ቢላዋው ቀረልኝ።

ንስሐዬስ? በደብዳቤ ቀን ተቃጥረን፣ መስከረም ላይ አባ ወልድያ ድረስ ወርደው ቴሌ ጠበቁኝ። እየጮኽኩ ሁሉን ነገርኳቸው። ይህን ያህል ስገጂ ይሉኛል ብዬ ነበር።

«አባ፣ ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ ልጄ። ጠጪ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ክረምቱ ጠብ ሳይል ወጣ፤ የታችኛው ምንጭ እንኳ ደርቋል።» ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማኛል። «ለአበባው በቀን ስንት ጆግ አልሽኝ?»

ለመመለስ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውልም አላገኘኋቸውም። ዛሬም በየማለዳው ውኃዬን ስቀዳ ያንኑ በጆሮዬ ይጠይቁኛል።