ደርባን ላይ ዮጋ የጀመርኩት እንዲህ ነው

ከገጠር መንደራችን ከሀቢቾ ማታ ገብተን ዘመድ ቤት አድረን፣ ጎህ ሳይቀድ ከእማዬ ጋር ሆሳዕና መናኸሪያ ደረስን። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግረኝ ደላላ ሻንጣዬን ሲጎትት እማዬ፣ "ቀስ በል፣ ልጄን መውሰዳችሁ አይበቃም?" አለችው። እኔም፣ "ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እማዬ" አልኳት። ይኸው ሰባት ዓመቴ። የጥገኝነት ወረቀቴን አሳድሳለሁ እንጂ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ሌት ተቀን የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እማዬን በሕይወቷ አገኛት ይሆን?

የመንገዱን ነገር ተዉት፤ ያየው ያውቀዋል። ደርባን ደርሼ ሱቅ ተቀጠርኩና ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። አከራዬ አንቲ ሳሮጅ አያቶቿ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ የመጡ አሮጊት ናት።

"ሥጋ ትበያለሽ?" አለችኝ።

"ካገኘሁ።"

"እዚህ ቤት ሥጋ አይበሰልም። እንግዳም አይመጣም።"

ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ልይዝ ነው አልኩ በሆዴ። እውነቱን ለመናገር የምስር ወጧ ከእኛው ብዙም አይርቅም። ቅቤ የጠገበው የእንሰት ምግባችን አተካና ግን ከየት ይምጣ?

የሱቁ ካርቶን ወገቤን ሲቆርጠኝ፣ አንቲ ሳሮጅ እሑድ ጠዋት የሰፈር ሴቶችን ዮጋ ወደምታስተምርበት ጋራዥ ጠራችኝ። መሬት ቁጭ ብለን አንድ እግር ዘርግተን ሌላውን ወደ ላይ እንድናነሳ አዘዘችን። ሌሎቹ ሲያቃስቱ እኔ ቀለለኝ።

"የት ተማርሽው?"

"እናቴ ጋ፣ እንሰት ስንፍቅ።" ከግንዱ የተላጠውን ሽፋን ዘንበል ባለው ሳንቃ ላይ ባነሳነው እግራችን ተጭነን እንዴት እንደምንፍቅ አሳየኋት።

"እናትሽ ሳታውቀው ዮጊ፣ የዮጋ ባለሙያ ናታ።"

"እናቴ ካቶሊክ ናት" አልኳት።

ሳቀችና አስረዳችኝ። ዮጋ ከህንድ የመጣ፣ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ያለው ጥበብ ነው። ቃሉ ማጣመር ማለት ነው፤ አካል፣ ትንፋሽና ሐሳብ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች አብረው እንዲሄዱ። ሀቢቾ ያላችሁ ገበሬዎች ይህ አይጠፋችሁም። መተጣጠፉ ደግሞ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከሁሉ በፊት ማንንም አለመጉዳት ይቀድማል አለችኝ። ይቺኛዋ ነካችኝ፤ እማዬን ብቻዋን ትቼ የመጣሁ እኔ ነኛ።

መጨረሻ ላይ በጀርባችን ተንጋለን፣ እጃችንን ከጎናችን አድርገን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። ስሙ የሬሳ አተኛኘት ነው ስትል ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ።

"እኛ አገር ጤነኛ ሰው እንዲህ አይተኛም።"

"ማረፍን ነው የምንለማመደው" አለችኝ። ብዙ እሑድ እየተቀመጥኩ አለፍኩት። በኋላ ግን ተኛሁ፤ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ወገቤም ለቀቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ስደውልላት እማዬም ወገቤን አለች። እንሰቱን ተይው ብላት፣ "ማን ይፍቀው?" አለችኝ። ያለኝን ልስጣት ብዬ ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ሰሌኑ ላይ እንድትጋደም ለመንኳት።

"እግርሽን ዘርጊ። እጅሽን ከጎንሽ አድርጊ። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

እኔም ወለሉ ላይ ተኛሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል። ጎን ለጎን የተኛን መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

"ልጄ" አለች ቆይታ፣ "ወገቤስ ቀለል አለኝ። ግን እንዲህ አስተካክለው የሚያስተኙኝ ቀን፣ ያን ጊዜም በስልክ ነው የምትመጪው?"

"ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ እማዬ" አልኳት።