ካሴቱ ላይ የቀረው ሳቅ

ባለፈው ሳምንት የአባቴን አሮጌ ቴፕ ላሠራ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለ ቴፕ ሠሪ ወሰድኩት። ሠሪው የመቅጃውን ቁልፍ ቀጭ ሲያደርግ ሳላስበው አፌን በእጄ ያዝኩ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጠው ዘይነባ ነበረች። ዓይኗ ስለማያይ አስተማሪያችን ቲቸር አስቴር ትምህርቱን እያነበቡ በካሴት ይቀዱላት ነበር። ካሴቱን የምትሰማበትን ቴፕ የምከፍትላት እኔ ነበርኩ፤ ባትሪው ሲደክምም በእረፍት ሰዓት ሁለታችን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።

«የዘይነባ ደብተር ይሄ ነው፣ አደራ» ብለው ነበር ቲቸር የሰጡኝ። ካሴት እንዴት ደብተር እንደሚሆን አልገባኝም።

አንድ ቀን የራሴን ድምፅ መስማት አማረኝና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። የምለው ሲጠፋኝ ሳቅኩ፤ ሳቄም የቲቸርን ንባብ አጥፍቶ ተቀዳ። ለማንም አልተናገርኩም።

የዘይነባ ፈተና የቃል ነበር። ስለ ደም ዝውውር ካሴቱ እንዳለው አንድም ቃል ሳትዘል፣ ቲቸር የሚተነፍሱበት ቦታ ላይ እየተነፈሰች ወረደችውና ድንገት ቆመች።

«ቀጥዪ እንጂ» አሏት።

«ከዚህ በኋላ ያለው ሳቅ ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

«የማን ሳቅ?» አሉ ቲቸር ተቆጥተው።

ዘይነባ ፊቷን ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረች። ድምፄን ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች።

«አላውቅም» አለች።

ቲቸር የቀለደችባቸው መስሏቸው ከክፍል አስወጧት። በዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አልመጣችም።

«እስቲ አንድ ነገር በይ እህቴ» አለኝ ቴፕ ሠሪው፤ «መቅዳቱን ልየው።»

አፌን ከፈትኩ። ካሴቱ ዝምታዬን እየቀዳ ዞረ።