«ጮማ» ብዬ የጻፍኩባቸው ሳህኖች

የስብ ሴል ነው የማጠናው ስል ሰው ሁሉ ሆዱን ይነካካል። ካናቢስ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ሰውነታችን ራሱ እንደሚሠራና የስብ ሴልን «አስቀምጥ፣ አታቃጥል» እንደሚለው ስጨምር ደግሞ ወንበራቸውን ትንሽ ሸሸት ያደርጋሉ። እዚህ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላት እናቴ ግን ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

«እዚህ ድረስ ያስተማርኩሽ ባንጊ እንድታጠኚ ነው?» ናይሮቢ ውስጥ ሀሺሽን ባንጊ ነው የምንለው።

«እማዬ፣ የእኔ ሥራ በሩን መዝጋት ነው» አልኳት። አልዋሸሁም። ንጥረ ነገሩ ሴሉን የሚያንኳኳበት በር አለ፤ በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ብንሰጠው ሴሉ ስቡን ይበልጥ ያቃጥል ይሆን? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ሙከራ ስድስት ትናንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ላይ ያደጉ ሴሎች ነበሩ። መድኃኒቱ በፈቃድ ከውጭ የሚገባ ነው፤ የነበረኝም ሦስቱ ላይ አልቋል፤ የቀሩት ሦስቱ ያለ መድኃኒት ለማነጻጸሪያ የተተዉ ናቸው። ሳህኖቹ ከተበላሹ ማስተርሴ አንድ ዓመት እንደሚገፋ አማካሪዬ ሳትደብቅ ነግራኛለች።

ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃዬ ላይ የምጽፈው በራሳችን በአማርኛ ፊደል ነበር። «ማንም የማያነበው ነገር መለያ አይባልም» ተባልኩ። እልኸኛ ስለሆንኩ ፊደሉን እንጂ ቃሉን አልቀየርኩም። በስድስቱም ክዳን ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጮማ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ፊደል ግን ጨን ከቸ አይለይም፤ በስዋሂሊ ደግሞ «ቾማ» ማለት አቃጥል ማለት ነው። ስንት ዓመት ኛማ ቾማ የሚሉትን የሥጋ ጥብስ ስበላ ኖሬ ይህ ትዝ አላለኝም።

ጠዋት ሳህኖቹን ከሙቀት ሳጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኳቸውና መለኪያ ማሽኑን ላዘጋጅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄድኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ተወልውሏል። ላቦራቶሪውን የሚያጸዱትን ሽማግሌ በአክብሮት «ምዜ» ነው የምንላቸው። እሳቸውን ጠየቅኩ።

«ወደ ማቃጠያው ወሰድኳቸው» አሉኝ። «አቃጥሉ ብለሽ ጽፈሽ የለ?»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼኔ ነው። ከነነጭ ጋውኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እሳቱ ገና አልተለኮሰም። ምዜ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ የሚቃጠለውን ዕቃ እንኳ ደርድረው ነው ያስቀመጡት። አንዱ ሳህን ተገልብጦ ፈስሷል፤ አምስቱ ክዳናቸው እንኳ አልተነካም። በደስታ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

በማይክሮስኮፕ ሳይ ሴሎቹ በሕይወት አሉ፤ የስብ ጠብታዎቻቸው ያብረቀርቃሉ። ማሽኑ ውስጥ ከተትኳቸው። ማሽኑ የሚለካው ሴሎቹ የሚስቡትን ኦክስጅን ነው፤ ብዙ ከሳቡ ብዙ እያቃጠሉ ነው። ምዜ ምሳቸውን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ «ፖሌ ሳና» እያሉ ይቅርታ ሲጠይቁኝ የባሰ አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

መድኃኒት ያልነካቸው የሁለቱ ሳህኖች መስመር ማሽኑ ስክሪን ላይ ተኝቶ ቀረ። በሩ የተዘጋባቸው ሦስቱ ግን ቀና አሉ፤ ከዚያ ወጡ፤ ከዚያ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ተነስቼ ቆምኩ። ከእኔ በፊት በዓለም ላይ ማንም ያላየውን ያየሁ መሰለኝ። ምዜ ምንም ሳይገባቸው አብረውኝ ቆሙ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ተቃጠለ!»

«ምኑ? ኪሌሌሽዋ ያለው ቤታችን? ቶሎ ውጪ፣ ልጄ፣ ዕቃው ይቅር።»

«ኧረ አይደለም፤ ስቡ ነው። ሴሎቹ ስቡን እያቃጠሉት ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ወጥ ቤት ላሉት ሴቶች ስትናገር ሰማኋት። «ልጄ ፈተናውን አለፈች።»

ሙከራው ገና እንደሚደገም፣ አምስት ሳህን እንደማይበቃ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ወጥ ቤቱ በእልልታ ሲቀልጥ ሰማሁና ተውኩት።