በጅረቱ አፍ

የሐይቁ ዳር ሰዎች ዓሣ አጥማጁን «አባ ዝምታ» ይሉታል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ጅረቱ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ ሲያልፍ መቅዘፊያውን ከውኃ ያወጣል፤ ቆቡንም ያወልቃል፤ ጀልባዋ በራሷ ተንሳፍፋ እስክታልፍ ቃል አይተነፍስም። እናት ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚያ ነውና። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ «ፈጣሪ ሥራ ላይ ባለበት ቦታ ሰው እጁን አያስገባም» እያለ አሳደገው። ቤቱ ባዶ በዋለበት ዘመን እንኳ በዚያ ውኃ ላይ መረብ ጥሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ዝናቡ ቀረ። ጅረቱ እንደ ክር ቀጠነ፤ ሐይቁም ሌሊቱን ሳይበርድ ያድር ጀመር።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ሚስቱ በሩን በርግዳ ገባች።

«ተነሥ! ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ያዛጋሉ። ወንድሜ ቅርጫቱን ይዞ ወርዷል።»

የጫማውን ማሰሪያ ሳያጠብቅ ሮጠ። ሆዳቸው በእንቁላል የተነፋ ዓሦች በጅረቱ አፍ ተደራርበው አየር ይለምናሉ። የሚስቱ ወንድም እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቅርጫቱን ዝቅ አድርጓል።

«ና እንጂ ጋሼ! ዘንድሮ ዓሣው ራሱ በእግሩ መጥቶልሃል፤ መረብህን ሽጠው።»

«ውጣ ከዚያ።»

«ብወጣስ? እስከ ረፋድ ሞተው ይገማሉ። እግዜር የሰጠውን መግፋት ጽድቅ ሆነ እንዴ?»

«በጣር ላይ ያለ ሰው ኪስ ይፈተሻል?»

«እሺ፣ ሐኪሙ አንተ ነህ! መድኃኒቱን አምጣዋ!»

 የልጁ አነጋገር ዓሣ አጥማጁን ቢያስቀይመውም ነገሩ እውነት ነበረ። እነዚህ እናቶች ካለቁ ለከርሞ ዘር የለም፤ የእርሱ ዝምታም አያተርፋቸውም። መድኃኒቱን ግን ያውቀው ነበር፤ የሚያውቀው በመሆኑም ፈራ። አጥማጆች ዓሣን በሕይወት ወደ ገበያ ሲያደርሱ የባልዲውን ውኃ በእጃቸው እየመቱ፣ እየናጡ ነው የሚወስዱት፤ ውኃው ሲናጥ አየር ይገባዋልና። አሁን ሊናጥ የሚገባው ግን አባቱ እንኳ መቅዘፊያ ያላስነካው ውኃ ነው።

ቆቡን አወለቀ። «አቤቱ፣ ድፍረት አይሁንብኝ» አለና ከዳር ከታሰረችው ጀልባው መቅዘፊያውን አንሥቶ ውኃውን መታ።

«ምን ነካህ?» ብላ ሳፋዋን ይዛ ተከትላው የደረሰች ሚስቱ ጮኸች። «እዚያ ላይ?»

«አየር አጥተው ነው! አንቺም ምቺ!»

ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውኃውን እየቀዳች ከከፍታ ታፈስሰው ጀመረች። ወንድሟ ሳቀ።

«ባልና ሚስት አብረው አበዱ!»

«አንተ! በእናታችን ሞት፣ ወይ አግዝ ወይ ውጣ!»

አንዲት ትልቅ ዓሣ በጎኗ ተንሳፈፈች፤ ሌላዋም ተከተለች። የዓሣ አጥማጁ ክንድ ዛለ። የተቀደሰውን ስፍራ አርክሶ ዓሦቹንም ቢያጣቸውስ? ቢሆንም መታ፣ መታ። በመጨረሻ ከመቅዘፊያው አጠገብ ያሉት አንድ በአንድ ራሳቸውን ወደ ውኃው መለሱ። ትንፋሽ ሊወስድ ክንዱን ባሳረፈ ጊዜ ግን አፎቹ እንደገና ብቅ አሉ።

የሚስቱ ወንድም ይህን አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ቅርጫቱንም ወደ ዳር ወረወረ።

«እስከ መቼ ነው የምንመታው?»

«ነፋስ ተነሥቶ ውኃውን እስኪንጠው።»

ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ። አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ልጁ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ወደ መንደሩ ተጣራ፦

«መቅዘፊያ ያላችሁ ሁሉ ውረዱ! ቶሎ!»