ውሃ በብዛት ጠጡ የተባልን ዕለት

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓ.ም.፣ ግንቦት መግቢያ፣ ረመዳን ነበር። ጅግጅጋ ላይ ዝናቡ ወደ ማታ ይጥላል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሰው ስለ ኮሮና ያወራል። እኔ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነበርኩ። ከፋርማሲስቶቹ አንዷ ለወሊድ ወጥታለች፤ ሌሎቹ ወደ ለይቶ ማቆያ ተመድበዋል። የቀረነው እኔና ከነቀምቴ የመጣ ባልደረባዬ ብቻ ነን።

ስለ ድካሙ ብዙ አልልም። ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ፣ ስንተኛው የስግደት ዙር ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ልጄ ወጥ ቤት ሆና “እማዬ፣ ሾርባው ላይ ጨው ልጨምር?” ስትለኝ፣ “በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ የሚያስቅ መሆኑ የገባኝ በማግስቱ ነው። ባልደረባዬ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እንደገለጠ ያንቀላፋል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ “ምንም። ነፍሴ ግምጃ ቤት ገብታ ነው፤ ትመለሳለች” ይለኛል።

የከበደን ሰልፉ አልነበረም። ረመዳን ሲገባ የእኛ ሥራ ይለወጣል። ማዘዣው “ጠዋትና ማታ” ይላል፤ ጠዋት የሚበላ ግን የለም። አንዱ የቀኑን ሁሉ በማፍጠሪያው ላይ አንድ ላይ ይውጣል፤ ሌላው እስከ ዒድ ይተወዋል። ስለዚህ በየዓመቱ እያንዳንዱን ሰው ጠጋ ብለን እናናግራለን፤ ከሐኪሙ ጋር ተማክረን ሰዓቱን እናዛውራለን። ከዚያ “ድገምልኝ” እላለሁ። እስኪደግምልኝ መድኃኒቱን ከእጄ አልለቅም።

በዚያ ዓመት መስኮቱ ላይ ላስቲክ ተወጠረ፣ ትእዛዝም መጣ፦ ሰው አታናግሩ፣ ሰጥታችሁ አሰናብቱ። ኃላፊያችን ይህን የነገሩን ሰው በታጨቀበት ስብሰባ ላይ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ነው።

“ድካማችሁን ተረድተናል” አሉን በኋላ። መረዳታቸውን የሚገልጽ ባነርም አሠሩ። “ለጤና ጀግኖቻችን” ይላል፤ ከጽሑፉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን የራሳቸው ፎቶ ነው። ሰው ጨምሩልን ብለን ነበር። ሥልጠና ጨመሩልን።

ርእሱ “የሥራ መዛልን መቋቋም” ነው። መቅረት አይቻልም። መስኮቱ እንዳይዘጋ የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ አስቀመጡበት፤ ማንበብ ይችላል፣ ይበቃል ተባለ።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ቀትር ላይ ነው። በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃና ብስኩት ተደርድሯል። ከእሱና ከባልደረባዬ በቀር አዳራሹ ውስጥ የማይጾም የለም።

“የመጀመሪያው ነገር፣ ውሃ በብዛት ጠጡ” አለን። “ሲሰለቻችሁ ደግሞ ከሥራ ቦታችሁ ተነሡና ሻይ ቡና በሉ።”

እኛ ጠርሙሱን እናያለን።

ባልደረባዬ እጁን አወጣ። “ይቅርታ፣ ከሠልጣኞቹ ጾመኛ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። የሁሉንም ልጠጣላቸው?”

አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ለምን እንደተሳቀ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ኃላፊያችን ብድግ ብለው በስልካቸው ፎቶ አነሱን። “ይኸው፣ መዛሉ ሲለቃቸው ይታያል” አሉ።

ወደ መስኮቱ የተመለስነው የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አስር፣ ከተሰገደ በኋላ ነው። የካርድ ክፍሉ ሰው ኩራት ኩራት ብሎታል። “ሰልፉን ጨርሼላችኋለሁ” አለ።

“የአውበሬዋ እናት መጥተው ነበር?” አልኩት። ከአውበሬ ከተማ የሚመላለሱ ታካሚ ናቸው፤ ቀጠሯቸው ያን ዕለት ነበር።

“የስኳሯ? ወስደው ሄዱ። ጠዋት ትልቁን፣ ማታ ትንሹን ብያቸዋለሁ። እንደተጻፈው።”

እንደተጻፈው። እኒህ ሴት ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው። አላህ ለበሽተኛ አለመጾምን ፈቅዷል ብላቸው፣ “ለሌሎቹ ፈቅዶ ይሆናል” ብለውኛል። እንቢ ስላሉ፣ ሐኪሙ መጠኑ የሚበዛውን ትልቁን መርፌ ወደ ማፍጠሪያ፣ ትንሹን ወደ ሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ወደሚበላው ምግብ፣ አዛውሮላቸዋል። አዲሱን ማዘዣ ግን እጁ እንደለመደው “ጠዋት ትልቁን፣ ማታ ትንሹን” ብሎ ነበር የጻፈው፤ እኔ በአፌ አቀናዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ። ትልቁን በሱሁር ወግተው ከጾሙ፣ እኩለ ቀን ላይ ስኳራቸው ይወርድና ይወድቃሉ። ቤተሰቡም ጾመኛ ናት፣ ደክሟት ተኝታለች ብሎ ያልፋቸዋል። ስልክ የላቸውም።

“ሂጂ፣ እኔ አለሁ” አለኝ ባልደረባዬ።

ጋዋኔን ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ ወደ አውበሬ መኪኖች መቆሚያ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ሚኒባስ በግማሽ ብቻ ጭኖ እንዲሄድ ታዟል። ሹፌሩ ግን ትርፍ ሰው እየጠበቀ ቆሟል። አልሐምዱሊላህ፤ አላህ በስስታም ሰው በኩልም ይረዳል።

እናትየው መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል። መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ትንሽ ፔርሙስ ከትተው ታቅፈውታል። የምንነጋገረው በሶማልኛ ነው፤ “ኤዶ” እላቸዋለሁ፣ አክስቴ ማለት ነው።

“ኤዶ፣ ነገ ሱሁር ላይ የትኛውን ነው የምትወጊው?”

“አንቺ ነሽ? ሌላ ባል አግብተሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር” አሉኝ። “ትልቁን ነዋ። ያ ሰውዬ ለወጠው። እናንተ ዛሬ የምትሉትን ነገ አትሉትም፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተቀበልኩ።”

“አልተለወጠም። ትልቁ በመግሪብ፣ ስታፈጥሪ። ትንሹ በሱሁር። ድገሚልኝ።”

“ትልቁ በመግሪብ። ትንሹ በሱሁር። ላስቲኩን ከፊትሽ አነሱልሽ?”

“አላነሱም። እንደገና ድገሚልኝ።”

“በአላህ ስም፣ ከትናንት ወዲያ የተወለድኩ አደረገችኝ” አሉ ለተሳፋሪው፤ ደገሙልኝም።

ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው ከኪሱ የክኒን ልጣጭ አወጣ። “የእኔስ? ሁሉንም በማፍጠሪያው ነው የምውጠው።” ከእሱ ቀጥሎ አንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ አወጣች። ከዚያ ሌላው። መኪናው ውስጥ መድኃኒት ያልያዘ አልነበረም፤ የደገመ ሰውም አልነበረም። በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ አናገርኳቸው። ለእያንዳንዱ የምለው ነገር ሳይፈለግ ይመጣልኛል።

“ዶክተር፣ መኪናዬን ክሊኒክ አደረግሽው” አለ ሹፌሩ።

“ትርፍ ሰው እስክታገኝ ነው” አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀበት።

ያን ማታ መግሪብን ስሰግድ አንድ ረከዓ አልጠፋኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከሥልጠናው አዳራሽ ሁለት ወንበር አወጣሁና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አራርቄ አስቀመጥኳቸው። ባልደረባዬ በመስኮቱ ይሰጣል፤ የተቀበለ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ኃላፊያችን ሲያልፉ ቆም አሉ። “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ሥልጠናው ነው” አልኳቸው። “መዛልን እየተቋቋምኩ ነው።”

ለፎቶ የሚሆን ነገር ስላላዩ ሄዱ። እኔ ቢስሚላህ አልኩና የመጀመሪያውን ሽማግሌ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ሱሁር የሚበሉት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።